ከሪቬት እስከ ኮምፕዩተር ሰንጠረዥ፦ የብሎን መጋጠሚያ ስሌት ታሪክ

የብረት ሕንፃ ግዙፍነት ከሩቅ ሲታይ በቋሚዎቹና በአግዳሚዎቹ ይመዘናል። ይሁን እንጂ ሸክሙ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው የሚሻገረው አውራ ጣት በሚያህሉ ጥቂት ብሎኖች አማካይነት መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያሻም። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዘጠኝ ወር ገደማ መገንባቱ በጊዜው ብዙ ተነግሮለታል። በብረት ሥራ እንዲህ ያለ ፍጥነት የሚገኘው ብረቱ በፋብሪካ ተቆርጦና ቀዳዳው ተበስቶ ከመጣ በኋላ በቦታው የሚቀረው ማንሳትና በብሎን ማሰር ብቻ ስለሆነ ነው። በዚህ አሠራር የመጋጠሚያው ስሌት ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ማለቅ አለበት፤ ስሌቱም ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው በኮምፕዩተር ሰንጠረዥ ነው። እዚህ ለመድረስ የታለፈው መንገድ ግን ረጅም ነው።

አገራችን ከብረት መጋጠሚያ ጋር በሰፊው የተዋወቀችው በባቡር ሐዲድ አማካይነት ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው መስመር የተዘረጋው በሪቬት ዘመን ነበር። ሪቬት በእሳት ግሎ በቀዳዳው ውስጥ ካለፈ በኋላ ራሱ በመዶሻ የሚደፈጠጥ ምስማር ነው። ሥራው በተለምዶ አራት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ያግላል፣ አንዱ የተወረወረለትን ይቀልባል፣ አንዱ ከኋላ ደግፎ ይይዛል፣ አንዱ ይደፈጥጣል። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ሸክሙን ለሪቬቶቹ ቁጥር ማካፈል።

ብሎን በበኩሉ አዲስ ነገር አልነበረም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ አንድ ወጥ መለኪያ እንዲኖረው ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሆኖም መሐንዲሶች ብሎንን ለቋሚ ሥራ አያምኑትም ነበር፤ ይላላል፣ በሰፊው ቀዳዳም ውስጥ ይንሸራተታል ይሉ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ያናወጠው እ.ኤ.አ. በ1934 በእንግሊዝ አገር የባቶና የቤትማን ጥናት ነው። ጠንካራ ብረት የሆነ ብሎን አጥብቀው ቢያስሩት ላሜራዎቹን ስለሚያጣብቃቸው ሸክሙ በሰበቃ እንደሚተላለፍና መጋጠሚያው እንደማይንሸራተት አሳዩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1947 ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመው የምርምር ምክር ቤት በ1951 የመጀመሪያውን መመሪያ አወጣ። መመሪያው በአንድ ሪቬት ፈንታ አንድ ጠንካራ ብሎን መተካትን ፈቀደ እንጂ የብሎኑን ትርፍ ጉልበት ገና አልተጠቀመበትም። ቢሆንም በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የሪቬት ቡድኖች ከሕንፃ ሥራ ላይ ጠፉ።

አዲሱ ብሎን ግን አዲስ ስሌት ይዞ መጣ። ብሎኑ እንዳይቆረጥ፣ የቀዳዳው ከንፈር እንዳይጨፈለቅ፣ ብሎኑ እንዳይበጠስ፣ ላሜራው እንዳይቀደድ፣ እያንዳንዱ ለብቻው መረጋገጥ አለበት። ሸክሙ ከብሎኖቹ መሐል ርቆ ሲያርፍ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ምሳሌ ልስጥ። በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ ስድስት ብሎኖች አሉ እንበል፤ የረድፎቹ ርቀት 100 ሚሊሜትር፣ ከላይ ወደ ታች ያለው ርቀት 70 ሚሊሜትር ነው። 150 ኪሎ ኒውተን ሸክም ከመሐላቸው 200 ሚሊሜትር ርቆ ቁልቁል ቢያርፍ፣ እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 25 ኪሎ ኒውተን በደረሰው ነበር። ጠመዛው ሲታከል ግን በጠርዝ ያለው ብሎን የሚሸከመው 91.4 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ይህን በእጅ የሠራ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ስሌቱ ከተፈጥሮው ሰንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ መስመር ይሰመራል፤ አግድም ርቀት፣ ቁም ርቀት፣ የሁለቱ ካሬ፣ ከዚያም ድምር። ስለሆነም ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፕዩተር ሲያወጡ፣ ያሰቡት ለነጋዴ ሒሳብ ቢሆንም፣ መሐንዲሱ የገዛ ወረቀቱን በመስታወት ላይ ያየ ያህል ነበር። ቪዚካልክ 63 ዓምድና 254 መስመር ነበረው። በ1983 ሎተስ 1-2-3፣ በ1985 ደግሞ ኤክሴል ተከተሉ።

በዚያው ዘመን የስሌቱ ዘዴም ተለወጠ። ክሮፎርድና ኩላክ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት፣ የብሎኖቹ ስብስብ በአንድ ቅጽበታዊ ማዕከል ዙሪያ እንደሚዞር፣ የእያንዳንዱም ብሎን ኃይል በተዘረጋው መጠን እንደሚለያይ አመለከቱ። ችግሩ ማዕከሉ የት እንዳለ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ይገመታል፣ ይሰላል፣ ካልተመጣጠነ እንደገና ይገመታል። ይህን በስላይድ ሩል ለመሥራት ትዕግሥቱ ያለው ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ የአሜሪካ የብረት ግንባታ ኢንስቲትዩት በ1980 ባወጣው መመሪያ ውጤቱን አስቀድሞ አስልቶ በሠንጠረዥ አሳተመው። ከዚያ በኋላ በ1993 ኤክሴል የራሱን የፕሮግራም ቋንቋ ሲያገኝ፣ ያ ሁሉ ግምትና ድግግሞሽ ማንኛውም መሐንዲስ ሊጽፈው የሚችል ጥቂት መስመር ሆነ።

ትርፉ የማይካድ ነው። በእጅ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ በዓይን ጥቅሻ ያልቃል፤ የብሎኑን ውፍረት ለውጦ እንደገና ማየትም ምንም አያስከፍልም። ነገር ግን የወረቀቱ ስሌት አንድ ጠባይ ነበረው። እያንዳንዱ እርምጃ በዓይን ይታያል፤ ከግርጌው የሠሪውና የአረጋጋጩ ፊርማ ይኖራል። በኮምፕዩተር ሰንጠረዥ ግን የሚታየው ውጤቱ ነው፤ ፎርሙላው ከሳጥኑ ሥር ተደብቋል።

በመጋጠሚያ ላይ ያልታየ ስሌት ምን እንደሚያስከትል ዓለም ያወቀው ከኮምፕዩተር ጋር ባልተያያዘ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በሃያት ሬጀንሲ ሆቴል የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱን መተላለፊያዎች ከጣሪያው የሚይዘው አንድ ረጅም ዘንግ ለሥራ እንዲመች በሁለት ዘንጎች ተተክቶ ስለነበር፣ በላይኛው መተላለፊያ ሥር ያለው ዳዶ የሁለቱንም ሸክም ተሸከመ። ለውጡ በሥዕል ላይ ቀርቦ ጸደቀ እንጂ መጋጠሚያውን ያሰላ አልነበረም። ምርመራው እንዳሳየው የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ ደንቡ ከሚጠይቀው ጉልበት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዝ ነበር።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል፤ ይኸውም የደንቦች መብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኢቢሲኤስ 3 ነበር፤ በ2015 የአውሮፓን ደንብ የተከተለው አዲስ ስታንዳርድ መጣ። ከቻይና የሚመጣ ብረት በቻይና ደንብ፣ አንዳንዱ አማካሪ በአሜሪካ መመሪያ ይሠራል። እያንዳንዱ ደንብ የራሱ የደኅንነት ቁጥር አለው። ሰንጠረዦቹ ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ፣ ማን እንደጻፋቸውና በየትኛው ደንብ እንደተጻፉ ሳይታወቅ ከቢሮ ቢሮ ይዞራሉ።

ከእነዚህ አንዱ፣ ከየት እንደተነሣ የማይታወቅ ሰንጠረዥ፣ እኔም እጅ ገብቶ ነበር። በአውሮፓው ደንብ የመቆረጥ ጉልበት ሲሰላ፣ ቆረጣው በብሎኑ ጥርስ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ለ8.8 ብሎን የሚባዛው ቁጥር 0.6 ሲሆን ለ10.9 ግን 0.5 ነው፤ ጠንካራው ብረት የመለጠጥ ትዕግሥቱ አነስተኛ ስለሆነ ነው። በመሆኑም ኤም 20 የሆነ 8.8 ብሎን 94.1 ኪሎ ኒውተን ሲይዝ፣ 10.9 የሚይዘው 98 ብቻ ነው። ሰንጠረዡ ለሁለቱም 0.6 ስለሚያባዛ ለ10.9 ያወጣው 117.6 ነበር፤ ከትክክለኛው በ20 በመቶ ይበልጣል። መልኩ ያማረ፣ ውጤቱ በአረንጓዴ ቀለም «በቂ ነው» የሚል ሰንጠረዥ ነበር። ስሕተቱን የሚያጋልጥ ምንም ነገር በገጹ ላይ አልነበረም፤ በወረቀት ቢሆን ኖሮ ግን 0.6 የሚለው ቁጥር በአረጋጋጩ ዓይን ፊት ይቀመጥ ነበር።

ሰንጠረዡን ትተን ወደ ስላይድ ሩል እንመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም። በእኔ አስተያየት የጎደለው የወረቀቱ ወግ ነው። እዚህ ታቦር በምንሠራበት ቢሮ የብሎን ሰንጠረዥ የመጀመሪያ ገጽ የጸሐፊውን ስም፣ የደንቡን ስምና ዓመት፣ የተለወጠበትንም ቀን ይይዛል፤ የማባዣ ቁጥሮቹ ከፎርሙላው ወጥተው በየሳጥናቸው በግልጽ ይጻፋሉ። ከዚያ ሌላ ባልደረባ አንድ ኤም 20 ብሎንና ከላይ የተጠቀሱትን ስድስት ብሎኖች በወረቀት አስልቶ ከሰንጠረዡ ውጤት ጋር ያመሳክራል፤ ወረቀቱም ተፈርሞበት ከሥዕሉ ጋር በፋይሉ ይቀመጣል።