የጋፋት እቶን

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመድፍ መሥሪያ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን አውሮፓውያን ባለእጆች መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው፤ የአገሩንም ወጣቶች እንዲማሩ ከሥራቸው አኖሩ። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው በዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. ገደሉን እየደለደሉ፥ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ፥ መቅደላ አደረሱት።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ፈረንጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ፤ የጋፋትም እቶን ጠፋ። ምክንያቱ የመምህራኑ መሄድ ብቻ አይመስለኝም። በዚያው በበጌምድር ማረሻና ጦር የሚሠራው ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ያለ እርሱ ማረሻ ያረሰ ገበሬ ግን አልነበረም! እንዲህ ለተናቀ ሥራ ልጁን በፈቃዱ የሚሰጥ አባት ከየት ይገኛል? ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።