ጥለቱን የቆጠረው ማን ነው?

የደብረ ታቦር ታሪክ በተወሳ ቁጥር ጋፋት ይነሣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነውና ይገባዋል። መድፉን እስከ መቅደላ የጎተተው ሕዝብ የለበሰውን ሸማ ማን እንደ ሠራው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ስለዚያ ሸማኔ ጥቂት እንናገራለን።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም የደጋው ሕዝብ ልብስ ከቤት ይዠምር ነበር። ሴቶች ጥጡን ዳምጠው በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ከጉድጓዱ ተቀምጦ ድሩን በእግሩ እየከፈተ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ጋቢው አራት ድርብ የሆነው የጋይንት ብርድ ስለሚያስገድድ ነው። ጥለቱን ግን ብርድ አያዝዘውም። ስንት ክር ቀይ፣ ስንት ክር ጥቁር እንደሚገባ ሸማኔው በወረቀት ሳይነድፍ በልቡ ቆጥሮ ያወጣዋል። ጥለቱም ይናገራል፤ ሐዘን የደረሰባት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ታደርገዋለችና።

በጎንደር አገር ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። የጥምቀቱን ነጭ ልብስ እየሠሩ በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በለጠ። ይህ ያሳፍረናል።

በ1953 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ፤ የተሠራው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ቤታችንን ያቃጠለ ጠላት ዕዳውን በጨርቅ ከፈለ ማለት ነው። የፋብሪካው ጨርቅ ለዘወትር ልብስ ዋለ። ለዓመት በዓል ግን አያቶቻችን ፈትላቸውን ይዘው ወደ ሸማኔው ቤት መሄዳቸውን አልተዉም።