የክሎን ኮንትራቶች አመጣጥ

በኢቴሪየም ላይ አንድ ስማርት ኮንትራት ሲተከል እያንዳንዱ የኮድ ባይት 200 ጋዝ (የኢቴሪየም የክፍያ መለኪያ) ያስከፍላል። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ የተፈቀደው ትልቁ መጠን 24,576 ባይት ነው፤ ይህን ያህል ኮድ ለማኖር ብቻ 4.9 ሚሊዮን ያህል ጋዝ ይጠይቃል። አንድ ዓይነት ኮንትራት ለሺህ ሰው ማዘጋጀት የፈለገ ለአንዱ ኮድ ሺህ ጊዜ መክፈል ነበረበት። ክሎን የተወለደው ከዚህ ወጪ ነው።

መንገዱን የከፈተው በማርች 2016 የገባው «ዴሊጌትኮል» የተባለ ትእዛዝ ነው። አንድ ኮንትራት የሌላውን ኮድ ተውሶ በራሱ ማከማቻ ላይ እንዲያሠራ ያስችለዋል፤ አንድ ጸሐፊ ለብዙ ባለመዝገቦች በየራሳቸው መዝገብ ላይ እንደሚጽፍላቸው ማለት ነው። ስለዚህ «ክሎን» የሚለው ስም ያሳስታል፤ ኮዱ አይገለበጥም፣ ይጠራል እንጂ።

ችግሩ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው። ኮንትራት ሲተከል አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው ኮንስትራክተር ባለቤቱን የሚመዘግበው ኮዱን በሚያውሰው በዋናው ኮንትራት ማከማቻ ላይ ነው። ክሎኑ ባዶውን ይቀራል፤ ባለቤቱን የሚያስመዘግብለት ማስጀመሪያ ተግባር ከተተከለ በኋላ መጠራት አለበት። ያን ተግባር ደግሞ ጥበቃ ካልተደረገለት ማንም ሊጠራው ይችላል።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በ2017 ታየ። የፓሪቲ የብዙ ፈራሚ ዋሌቶች አንድ የጋራ ላይብረሪ ይዋሱ ነበር። ማስጀመሪያው ዳግም እንዳይጠራ የሚከለክል ነገር ስላልነበረ፣ በጁላይ አንድ አጥቂ ራሱን ባለቤት አድርጎ ከ150 ሺህ በላይ ኤተር ወሰደ። ስህተቱ ታርሞ አዲስ ላይብረሪ ተተከለ፤ ላይብረሪው ራሱ ግን ሳይጀመር ቀረ። ኖቬምበር 6 ቀን አንድ ተጠቃሚ ማስጀመሪያውን በቀጥታ ላይብረሪው ላይ ጠርቶ ባለቤቱ ሆነ፤ ቀጥሎም አጠፋው። 587 ዋሌቶች ከ513 ሺህ በላይ ኤተር እንደያዙ የሚዋሱት ኮድ ጠፋባቸው። ገንዘቡን የሰረቀው የለም፤ የሚያንቀሳቅሰውም የለም።

በጁን 2018 የቀረበው ኢአይፒ-1167 የተባለ የኢቴሪየም ማሻሻያ ሐሳብ ክሎኑን ወደ 45 ባይት አወረደው። ሃያ ባይቱ የዋናው ኮንትራት አድራሻ ነው፤ የተቀረው 25 ባይት ጥሪውን ተቀብሎ ያስተላልፋል፣ ምላሹንም ለጠሪው ይመልሳል። የቁጠባው ጥበብ የሚደነቅ ነው፦ ዜሮ በሚያስፈልግበት ቦታ የተመላሽ መረጃን መጠን የሚጠይቀው ትእዛዝ ገብቷል፤ ገና ምንም ስላልተመለሰ መልሱ ዜሮ ይሆናል፣ አንድ ባይትና አንድ ጋዝም ይተርፋል። ኮዱን ለማኖር የሚከፈለው 9,000 ጋዝ ብቻ ሆነ። በምትኩ እያንዳንዱ ጥሪ ጥቂት ተጨማሪ ጋዝ ይከፍላል፤ አድራሻው በኮዱ ውስጥ ስለታተመም ክሎኑን ወደ ሌላ ኮድ ማዞር አይቻልም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር የወጣው የመጀመሪያው የዩኒስዋፕ መገበያያ መትከልንና ማስጀመርን በአንድ ግብይት አጣመረ። «ፋብሪካ» የተባለው ኮንትራቱ አዲስ የመገበያያ ክሎን ይፈጥርና ወዲያው ያስጀምረዋል፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ሰው የሚገባበት ጊዜ የለም። በፌብሩወሪ 2019 የተጨመረው «ክሬት-ሁለት» የተባለ ትእዛዝ ደግሞ የክሎኑን አድራሻ ከመተከሉ በፊት ለማስላት አስቻለ።

ዋናውን ኮንትራት ራሱን መጠበቅ ግን ቆይቶ የመጣ ልማድ ነው። በፌብሩወሪ 2022 ብሎክቼኖችን በሚያገናኘው ዎርምሆል ያልተጀመረ ዋና ኮንትራት ተገኘ፤ ክፍተቱን ለጠቆመው ተመራማሪ 10 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። በዚያው ዓመት የኮንትራት ኮድ ላይብረሪ የሚያዘጋጀው ኦፕንዜፔሊን ማስጀመሪያን ለዘለቄታው የሚዘጋ ተግባር በላይብረሪው አካተተ፤ የሚጠራውም ለክሎኑ ምንም ካልፈየደው ከዋናው ኮንትራት ኮንስትራክተር ውስጥ ነው።