ፍቅር ላይ የሚሰበር ኮድ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞም ሆነ ሳሪስ፣ ሱቅ ገብቶ ፍላሽ ላይ ዘፈን ያስጫነ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የመኪናው ቴፕ ስክሪን ላይ የሚነበበው ርዕስ ግን አማርኛም እንግሊዝኛም አይደለም። «ቫይረስ ነው» የሚል አይጠፋም። ቫይረስ የለበትም፤ ርዕሱ የተጻፈበትን ዘመን ይዞ ነው የመጣው።

በካሴት ጊዜ ሽፋኑ በፊደል ይታተም ነበር። ከዘፈኑ ስም ጋር ብዙ ጊዜ የግጥሙና የዜማው ባለቤት ይጻፋል። ሲዲ ሲመጣ ዲስኩ ላይ ያለው በአብዛኛው ድምፅ ብቻ ሆነ። ወደ ኤምፒ3 የቀየረው ሰው ስሙን ካልተየበ «ትራክ 01» ሆኖ ይቀራል። መተየቢያው ደግሞ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው አይዲ3 የሚባለው መለያ ፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ 128 ባይት ነው፤ ለርዕስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30። ለገጣሚ ዜሮ! ጽሑፉ በየትኛው ኮድ እንደተጻፈም አይናገርም።

ያኔ አማርኛ የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። እነዚህ የፊደላችንን ምስል በላቲን ቁጥሮች ላይ ያስቀምጣሉ። ዎርድ ላይ ፎንቱን ስትመርጡ አማርኛ ይታያል፤ ዘፈን ማጫወቻ ግን ፎንት ስለማያስመርጥ ከሥር ያለው የላቲን ምልክት ይወጣል። ይሄን ለመመለስ የየፎንቱ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፣ ግን ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን የራሱን ቁጥር አገኘ። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ግን በቪስታ ነው። እስከዚያ ብዙ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነበር። ሳጥን ካያችሁ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፣ የጠፋው ፎንት ነው።

ዛሬ በብዛት የሚያጋጥመው ሌላ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ናት። አሮጌ ማጫወቻ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ያነበዋል። አናቷ ላይ ጭረት ያላት ትንሿ የላቲን «ኤ» (225) በየሦስት ምልክቱ ከተመላለሰች ጉዳዩ ይሄ ነው። 30 ባይት ደግሞ 10 ፊደል ብቻ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ክፍተቱን ጨምሮ 22 ባይት ስለሆነ ይገባል። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ 41 ነው፤ «የክብር ዘበኛ ኦር» ላይ ይቆረጥና የ«ኬ» ሲሶ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጥገናው ሁለት መስመር ኮድ ይመስላል፦ ምልክቶቹን ወደ ባይት መልሶ እንደ ዩቲኤፍ-8 ማንበብ። ግን በዊንዶውስ 1252 ሰንጠረዥ 141 እና 157 ባዶ ቦታዎች ናቸው። «ፍ» 225፣ 141፣ 141 ናት፤ «ዝ»ም 157 አለባት። ስለዚህ «እናት» በሰላም ታልፋለች፣ «ፍቅር» እና «ትዝታ» ይሰበራሉ። ከአማርኛ ዘፈን ውስጥ እነዚህን ሁለቱን አውጡና ምን እንደሚተርፍ ንገሩኝ።

ኮዱ ሲያቅተው በጥያቄ ምልክት እንዲተካ ካዘዛችሁት ደግሞ ባይቱ ለዘላለም ሄደ። የተዘበራረቀ ርዕስ ይመለሳል፤ ጥያቄ ምልክት አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ ስክሪን ላይ የሚታየውን ትታችሁ ባይቶቹን በቀጥታ ከፋይሉ አንብቡ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአይዲ3 ስሪት 2.4 ዩቲኤፍ-8 ይቀበላል፤ ለገጣሚና ለዜማ ደራሲም የየራሳቸው ቦታ አለው። የተጫኑልኝን ፋይሎች ስከፍት ያ ቦታ ሁሌ ባዶ ነው። እኔ ከአባቴ ካሴቶች ሽፋን እያየሁ እየሞላሁት ነው፤ የመጀመሪያውን ካርቶን ገና አልጨረስኩም።