የአገናኝ ኮሚሽን፦ ድረ ገጽ በጎብኚው ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) የሸዋ ንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከዘይላ ወደቦች የተነሣ ሲራራ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ ጭነቱን እዚያ ያራግፋል። ዓርብ ዓርብ ገበያው ሲቆም የባሕር ማዶ ጨርቅ፣ የበረሃው አሞሌና የደጋው ቡና ይገናኛሉ፤ የማርያ ቴሬዛ ብር ይቆጠራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 በዚያች መንደር ተቀምጦ ያየውን ጽፎ ትቷል።

በዚህ የንግድ መስመር የባሕር ጫፍ፣ በሶማሌዎች ዘንድ፣ «አባን» የሚባል ሰው ነበር። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ የአባኑን አሠራር መዝግቧል። አባኑ እንግዳውን ነጋዴ ተቀብሎ ይጠብቀዋል፣ ያስተረጉምለታል፣ ከገዢና ከሻጭ ጋር ያገናኘዋል፤ ከሚፈጸመው ሽያጭም ድርሻውን ያነሣል። ዕቃው የእሱ አይደለም። ሰውና አገር ማወቁ፣ ሰውም እሱን ማመኑ ግን ገንዘብ ያስገኝለታል።

ዛሬ እልፍ ድረ ገጾች የሚተዳደሩት በዚሁ ሥራ ነው። እንግሊዝኛው «አፊሊየት ማርኬቲንግ» ይለዋል። አንድ ሰው ስለሚያውቀው ነገር በገጹ ላይ ይጽፋል፤ በጽሑፉ መካከል ወደ ሻጩ የሚወስድ፣ የራሱ መለያ ያለበት ሊንክ ያስቀምጣል። አንባቢው በዚያ ሊንክ ሄዶ ከገዛ ሻጩ ከዋጋው ላይ ለጸሐፊው ኮሚሽን ይከፍላል። ካልገዛ ክፍያ የለም። ገዢው በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ዋጋ አይጠየቅም፤ ኮሚሽኑ የሚወጣው ከሻጩ ኪስ ነው።

በማሽን የተተረጎሙ ገጾች ይህን «የተቆራኘ ግብይት» ይሉታል። አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ «መቆራኘት» ቁራኛንና ክፉ መንፈስን ያስታውሳል፤ ስለ ንግድ የሚነግረው ነገር የለም። «ተባባሪ ግብይት» የሚሉም አሉ፤ ግን ማን ከማን ጋር እንደተባበረ አይታወቅም። የተሻለው ቃል በከተማው ሁሉ ተሰቅሎ ይነበባል፦ «አሠሪና ሠራተኛ አገናኝ»። አገናኝ ሁለት የሚፈላለጉ ሰዎችን አገናኝቶ ድርሻውን የሚወስድ ሰው ነው፤ ደግሞም «ሊንክ» ለሚባለው ነገር አማርኛ ጸሐፊዎች ከሚጠቀሙባቸው ቃላት አንዱ ይኸው አገናኝ ነው። ሰውየውንም ሊንኩንም በአንድ ስለሚይዝ ክፍያውን «የአገናኝ ኮሚሽን»፣ ገጹን «አገናኝ ገጽ» ማለት ያስኬዳል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግም ደላላን የገለጸው በዚሁ መንፈስ ነው፦ ውል የሚዋዋሉ ሰዎችን ፈልጎ ማገናኘትን ሙያው አድርጎ ለጥቅም የሚሠራ ሰው። 

አሠራሩ ከድረ ገጽ ጋር እኩል ያረጀ ነው ማለት ይቻላል። ሲዲናው የተባለ የአሜሪካ የሙዚቃ መደብር እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ሙዚቃ ከሚጽፉ ገጾች ለሚመጡለት ገዢዎች ድርሻ መክፈል ጀመረ። አማዞን ሐምሌ 1996 (እ.ኤ.አ.) ፕሮግራሙን ለማንኛውም ባለ ገጽ ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ ዓለምን ያዳረሰው።

ይህ ሥራ በእኛ አገር እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ለማየት አንኮበር ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በገደሏ ጠርዝ ላይ የአንኮበር ስም የተሰጣት፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ በሳይንስ ዓለም የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያው ከታየች በኋላ ሲሆን መግለጫዋ በ1979 ታተመ። በዚያው በሰሜን ሸዋ የጀማ ሸለቆ የሐርውድ ቆቅ ይኖራል፤ በመንዝ ጓሳ ደግሞ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ። እነዚህን ለማየት ከለንደንና ከአሜሪካ ድረስ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ከመምጣታቸው በፊትም ወራት ሙሉ ያነባሉ። ወፏ በየትኛው ወር በየትኛው የገደል ጫፍ እንደምትታይ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር መንገዱ በክረምት እንዴት እንደሆነ፣ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ የሚያውቅ የአገሩ ልጅ ይህን በእንግሊዝኛ በደንብ ቢጽፍ የሚፈልገው አንባቢ አያጣም።

ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። ጸሐፊው ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙትን የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ መጽሐፍ ያመሰግንና የአማዞን ሊንኩን ያስቀምጣል። አማዞን በአሜሪካው ገበያ ለወረቀት መጽሐፍ የሚከፍለው 4.5 በመቶ ነው። መጽሐፉ 30 ዶላር ቢሸጥ የአገናኙ ድርሻ 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይሆናል። አንባቢው ሊንኩን ሲጫን ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከገዛ፣ መጽሐፉን ትቶ ጫማ ቢገዛም እንኳ፣ ኮሚሽኑ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ቢገዛ ግን፣ ቀድሞ ቅርጫት ውስጥ ካላስገባው በቀር፣ ሰዓቱ አልፏል። በተመዘገበ በ180 ቀን ውስጥ 3 ሽያጭ ያላመጣ አካውንት ይዘጋል። የእንግሊዙ አማዞን የራሱ ፕሮግራም ስላለው የለንደኑ አንባቢ በአሜሪካው ሊንክ ገብቶ ብዙ ላይጠቅም ይችላል።

የሆቴሉ ስሌት ሌላ ነው፤ ለሰሜን ሸዋም ይበልጥ የሚቀርበው እሱ ነው። ቡኪንግን የመሰሉ የሆቴል ማስያዣ ገጾች ከሆቴሉ በአማካይ 15 በመቶ ያህል ያነሣሉ፤ እንግዳውን ላመጣላቸው አገናኝ ከዚያው ላይ ያካፍላሉ። ሌሊቱ 40 ዶላር የሆነ ክፍል ለ2 ሌሊት ቢያዝ ከ80 ዶላሩ 12ቱ ወደ አስያዡ ይሄዳል። ለአገናኙ ሩቡ ቢደርሰው 3 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። በመንዝ ጓሳ ያለው ማረፊያ ሣሩን ለትውልዶች በሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ማኅበረሰብ ንብረት ነው። ወደዚያ የሚሄደውን እንግዳ በቀጥታ ደውሎ እንዲይዝ መምከር ለጸሐፊው ምንም አያስገኝለትም፤ ለአገሩ ግን ያ 12 ዶላር ይቀራል። አንባቢ የሚያምነው ይህን ምክር በገጹ ላይ ያላስቀረውን ጸሐፊ ነው።

ማስታወቂያ በተለየ መንገድ ይሠራል። ጉግል አድሴንስን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2003 ሲጀምር ማንኛውም ገጽ ቦታውን ለማስታወቂያ የሚያከራይበት ዕድል ተፈጠረ። አንባቢው ገጹን በከፈተ ቁጥር አስተዋዋቂዎች በቅጽበት ይጫረታሉ፤ ያሸነፈው ማስታወቂያ ይታያል፤ ከአስተዋዋቂው ገንዘብ 68 በመቶ ያህሉ ለባለ ገጹ ይደርሳል። ቀድሞ ክፍያው በዋናነት በክሊክ ነበር፤ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ማስታወቂያው በታየ ልክ ሆኗል። ገንዘቡ የሚላከው 100 ዶላር ሲሞላ ነው።

ጨረታ መሆኑ ሁሉን ይወስናል። የአሜሪካ የመድን ድርጅት በቺካጎ ላለ አንባቢ ብዙ ይጫረታል፤ ደብረ ብርሃን ላለ አማርኛ አንባቢ የሚጫረት ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ሺህ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስገኘው ከአንድ ሺህ የውጭ አንባቢ በእጅጉ ያነሰ ነው። በማስታወቂያ ለመኖር ብዙ ሕዝብ ያስፈልጋል፤ በአገናኝ ኮሚሽን ግን ጥቂት ሆኖ ለመግዛት የተሰናዳ አንባቢ ይበቃል። ስለ አንዲት ወፍ የሚጽፍ ሰው በማስታወቂያ ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል።

አማርኛ ጸሐፊዎች ይህን ተረድተው ይመስላል አብዛኞቹ ወደ ቴሌግራም ያዘነበሉት። ቴሌግራም ከመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ 1,000 እና ከዚያ በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን ያካፍላል፤ ክፍያው ቶንኮይን በሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ነው። ከዚህ ይልቅ ግን የብዙ ቻናሎች እንጀራ በቀጥታ ከነጋዴው ጋር ተነጋግሮ የሚለጠፈው «ፕሮሞሽን» ነው፤ ዋጋው በስልክ ይቆረጣል፣ ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል።

የዶላሩ መንገድ እንዲህ ቀላል አይደለም። አድሴንስ ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ የባለ ገጹን አድራሻ ለማረጋገጥ የምሥጢር ቁጥር በፖስታ ይልካል። ቤት ለቤት የፖስታ አገልግሎት ባልተለመደበት አገር ይህ ማለት ወይ የራስ ወይ የዘመድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ማስመዝገብ ነው። ከውጭ ድርጅቶች ክፍያ ለመቀበል ብዙ ኢትዮጵያውያን ፍሪላንሰሮች ፔዮኒርን ይጠቀማሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያችው ዶላር በብር ስትመነዘር ከቀድሞው እጅግ ከፍ ብላለች፤ ወጣቱ ለዚህ ሥራ ላለው ጉጉት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሰሜን ሸዋ ሌላም ፈተና አላት። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ውጭ አገር ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ገጽ ባለቤቱ ሳያየው ሥራውን ይቀጥላል፤ ግን የተሳሳተውን የሚያርም፣ መንገድ መዘጋቱን የሚናገር ሰው የለውም። ጸጥታው ሲደፈርስ ደግሞ ጎብኚው ራሱ ይቀራል፣ የሆቴሉ ኮሚሽንም አብሮ ይደርቃል። የመጽሐፉ ኮሚሽን ግን ሊቀጥል ይችላል፤ አንባቢው ባይመጣም ማንበቡን አልተወምና። ገቢን በአንድ ዓይነት ሊንክ ላይ ብቻ አለመጣል የሚመከረው ለዚህ ነው።

አገናኝ ከሻጩ እንደሚከፈለው አንባቢው ማወቅ አለበት። የአሜሪካ ሕግ ይህን በግልጽ መጻፍን ያስገድዳል፤ አማዞንም በውሉ ላይ አስፍሮታል። በእኛም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «በዚህ ሊንክ ቢገዙ ኮሚሽን አገኛለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሊንኩ በላይ ቢቀመጥ የሚያስከፋው ገዢ ጥቂት ነው። የተደበቀ ኮሚሽን ሲታወቅ ግን በገጹ ላይ ያለው እውነት ሁሉ ይጠረጠራል። ጓደኛሞች ተጠራርተው አንዱ የሌላውን ማስታወቂያ መጫንም ከዚሁ የሚቆጠር ማታለል ነው፤ ጉግል ሲደርስበት አካውንቱን ይዘጋል፣ የተጠራቀመውንም ያስቀራል።

አንድ መደባለቅ ደግሞ አለ፤ ብዙ ቤተሰብን ስለጎዳ ጠንከር ተብሎ ሊነገር ይገባል። «ሊንክህን ላክ፣ ሰው አስገባ፣ ገንዘብ ታገኛለህ» የሚለው ሁሉ የአገናኝ ኮሚሽን አይደለም። እውነተኛ ፕሮግራም ለመመዝገቢያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክፍያውም የሚመነጨው አንድ ሰው ለራሱ የሚፈልገውን ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲገዛ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ አስገብቶ፣ ቀጥሎ ሌሎች እንዲያስገቡ በመጋበዝ የሚከፈልበት አሠራር ፒራሚድ ይባላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን የሽያጭ ስልት ከከለከላቸው ድርጊቶች ውስጥ አስገብቶታል።

እስካሁን የተነሡት ፕሮግራሞች የውጭ ናቸው። አገር ውስጥ ግን ሥራው በሰው ደረጃ ሞልቷል፤ የቤት ደላላው ከሽያጭ 2 በመቶ ሲጠይቅ ማንም አይገረምም። ያልተሠራው ሊንኩ ነው። የመንዝ ሴቶች በፈተሉት የበግ ጠጉር የሚሸመነው ባና አዲስ አበባና ዲያስፖራው ዘንድ ፈላጊ አለው፤ ሸማኔው ግን ስለ ባናው በደንብ የጻፈውን ሰው የሚለይበትና የሚከፍልበት መንገድ የለውም። ይህን ለመጀመር ትልቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ጸሐፊ አንድ አጭር ኮድ ይሰጣል፤ ገዢው ሲያዝ ኮዱን ይናገራል፤ ሻጩ ኮዱን ከትእዛዙ ጋር መዝግቦ በወሩ መጨረሻ ድርሻውን በቴሌብር ይልካል። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ነገሮች በጽሑፍ መስፈር አለባቸው፦ ድርሻው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ገዢው ጽሑፉን ካነበበ በኋላ በስንት ቀን ውስጥ ቢገዛ እንደሚታሰብ፣ ዕቃው ቢመለስ ኮሚሽኑ ምን እንደሚሆን።