ግራፊን ባዮሴንሰር

የአንድ አቶም ውፍረት ባለው የካርቦን ንጣፍ (ግራፊን) ላይ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ተለጥፎበት፣ እንደ ኮቪድ-19 ያሉ የመተንፈሻ አካል ሕመሞችን የሚያመጡ ቫይረሶችን በኤሌክትሪክ ምልክት የሚለይ መሣሪያ። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮስዮሎቭ ግራፊንን በ2004 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ከግራፋይት የላጡት በተራ ፕላስተር ነበር፤ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

ግራፊን ላይ ላዩን እንጂ ውስጥ የለውም። ስለዚህ ቫይረሱ በፀረ እንግዳ አካሉ ሲያዝ፣ ይዞት የሚመጣው ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል እንኳ በንጣፉ የሚያልፈውን ኮረንቲ ይለውጣል። የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች በ2020 የኮሮና ቫይረስን የእሾህ ፕሮቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ፌምቶግራም ብቻ እያለ መለየታቸውን ገለጹ። አስደናቂ ቁጥር ነው፤ የተገኘው ግን በንጹሕ የጨው ብጥብጥ ውስጥ ነው። የሕሙማን ናሙና በሚጓጓዝበት ፈሳሽ ውስጥ ሊለይ የቻለው ዝቅተኛ መጠን ወደ 100 ፌምቶግራም ከፍ ብሏል።

ዋናው እንቅፋት ጨው ነው። በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ያሉ አዮኖች የቫይረሱን የኤሌክትሪክ ሙል ተጽዕኖ ከ1 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ይጋርዱታል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ራሱ ደግሞ ወደ 10 ናኖሜትር ይደርሳል። ናሙናውን ማቅጠን ወይም አጠር ያሉ ተቀባይ ሞለኪውሎችን መጠቀም ችግሩን ያቃልላል።

እንደ ግራፊን እጅግ ስስ የሆኑ ሌሎች ንጣፎች፣ ማለትም ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድና በ2011 ይፋ የሆኑት ማክሲኖችም ለዚሁ ተግባር ይሞከራሉ። በሐኪም ቤት ግን የምርመራው መመዘኛ አሁንም የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚለየው ፒሲአር ነው።