ሦስት የአደባባይ ሙዚቃ በዓላት

ሙዚቃ በአዳራሽ ሲሰማ የጥቂቶች ነው፤ በአደባባይ ሲሰማ ግን የሕዝብ ይሆናል። ስለዚህ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዙትን ሦስት የአደባባይ ሙዚቃ በዓላት ለአንባብያን ለማስታወስ ወደድን።

የመጀመሪያው የተደረገው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ለአገራችን ክፉ ዓመት ነበር። መስከረም 2 ቀን የአብዮቱ 10ኛ ዓመት፥ በዚያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በመስቀል አደባባይ በታላቅ ሰልፍ ሲከበር፥ በወሎና በትግራይ ሕዝቡ በድርቅና በጦርነት ምክንያት በረኃብ ያልቅ ነበር። በኮረም የተነሣው ፊልም በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም ደነገጠ። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍም ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ «ላይቭ ኤይድ» የተባለውን በዓል በለንደንና በፊላዴልፊያ አዘጋጀ። በለንደን በዌምብሌ ስታዲየም 72,000 ያህል ሰው የሮክ ሙዚቃ ሲሰማ ዋለ። ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ርዳታም መጣ፤ ይህም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የተዘፈነላቸው ሰዎች ዘፈኑን አልሰሙም።

ሁለተኛው በዓል በዚያው በዌምብሌ ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. የኔልሰን ማንዴላን 70ኛ ዓመት ልደት ምክንያት በማድረግ ተደረገ። ማንዴላ ለሰፈራችን እንግዳ አይደሉም፤ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር የውትድርና ትምህርት ተምረው ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በሜዳ ሲዘፍንላቸው ባለ ልደቱ እስር ቤት ነበሩ። በዚህም ጊዜ ባለ ጉዳዩ አልነበረም።

ሦስተኛው ግን የተለየ ነው። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፥ ቦብ ማርሌ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት በሚሞላው ቀን፥ ባለቤቱ ሪታ ማርሌና ልጆቹ፥ የቤኒኗ አንጀሊክ ኪጆና ሌሎችም አርቲስቶች በመስቀል አደባባይ ዘፈኑ። መግቢያው በነጻ ስለ ነበረ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ተሰበሰበ። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ያን ጊዜ የእኛን ዕድሜ ያህል ነበሩ። ከኮልፌ ገሚሶቹ በአንበሳ አውቶቡስ፥ ገሚሶቹ በእግራቸው፥ ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ወረዱ። በአደባባዩ ደረጃዎች ላይ ተጨናንቀው ስለ ቆሙ ዘፋኞቹን በደንብ ያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ድምፃቸውን ግን ሁሉም ሰማ። የእንግሊዝኛውን ቃል የማያውቀውም ዜማውን ተቀብሎ ዘፈነ። ማታ በብርድ ተመልሰው፥ ተቆጥተው በር ላይ የጠበቁአቸውን እናቶቻቸውን ለማብረድ ያደረጉትን ጥረት ዛሬም እየሣቁ ይነግሩናል።

እንግዲህ የቦታውን ታሪክ እናስተውል። በ1977 ዓ.ም. የሕዝቡ ረኃብ ተሸፍኖ ሰልፍ በወጣበት አደባባይ፥ ከ20 ዓመት በኋላ ያው ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ዘፈነ። ቀድሞ በሩቅ አገር ስለ እኛ ተዘፍኖ ነበር፤ በዚህ ቀን ግን ከእኛ ጋር ተዘፈነ። በማዘንና በማክበር መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

የለንደኑ በዓል በፊልም ተቀርጾ ተቀምጧል፤ ስለ መስቀል አደባባዩም የውጭ አገር ሰዎች ፊልም ሠርተዋል። የኮልፌ ወጣቶች በደረጃው ላይ ቆመው የተሰማቸው ደስታ ግን የሚገኘው በወላጆቻችን አንደበት ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ዛሬ ማታ እራት ላይ ጠይቋቸው፤ የነገሩአችሁንም ሳትውሉ ሳታድሩ ጻፉት።